ከእሪ በከንቱ እስከ ጥሪ ድንጋይ

ተወልጄ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት ላስታ ውስጥ፣ ከብልባላ ሁለት ሰዓት በእግር በምታስኬድ መንደር ነው። ያደግኩት ግን አዲስ አበባ፣ እሪ በከንቱ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ምናልባት ሁለቱንም አያያቸውም። መንደሯ ሩቅ ናት፤ እሪ በከንቱ ደግሞ ፈርሷል።

ሰፈራችን ሲፈርስ ለእኔና ለአባቴ ከከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ደረሰን። ውሃው በቧንቧ ይመጣል፣ መጸዳጃው የራሳችን ነው፤ የሚያስከፋ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። እኔ ግን አልረጋ አልኩ። እሪ በከንቱ ግድግዳው ጭቃ ስለነበር የጎረቤት ሳል እንኳ የጋራ ነበር። አንድ ሰው ሚስቱን ሊመታ እጁን ቢያነሳ፣ እጁ ሳይወርድ እማማ አስካለ የድስት ክዳን ይዘው በሩ ላይ ይደርሱ ነበር። የሰፈሩ ስም «ብትጮህ ማንም አይደርስልህም» ማለት ቢሆንም፣ ሰፈሩ ስሙን አይመስልም ነበር። በአዲሱ ቤታችን ከላያችን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። በመጀመሪያው ሳምንት ደነገጥን። በሁለተኛው አባቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። በሦስተኛው እኔ ስለ እሷ ግጥም ጻፍኩ። ግጥሙ ጥሩ ነበር፤ ያሳፈረኝም እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ውዴ ደወለች። የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ መጥቶ እስኪወስደኝ ድረስ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች፣ እስከ ዛሬ «አንቺ» ነው የምላት።

«የፊታችን እሑድ ለቅሬው የማቀርበው ነገር አለኝ» አለች። አዲስ አበባ ዕድር የሚባለው እኛ ዘንድ ቅሬ ነው፤ ግን ሙት ከመቅበር አልፎ ያስታርቃል፣ ይቀጣል፣ ሕግ ያወጣል። «ጸሐፊያችን ዓይኑን ታሟል። ምስጋናው፣ አንተ ጽሕፈት ታውቃለህና ና። አንተን ባያበላህም እኛን ይጥቀመን።»

ግጥም እንደማያበላኝ ከአባቴ ሰምታለች ማለት ነው።

«ምንድን ነው የምታቀርቢው?»

«በስልክ አይነገርም። ስትመጣ ታየዋለህ።»

ረቡዕ

ጎህ ሳይቀድ ከላምበረት ተነሳን። ረዳቱ ሻንጣዬን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ፣ የማን እንደሆነ ካልታወቀ የዘይት ጀሪካን አጠገብ አሰረው። እኔም ከጀሪካኑ ጋር ለምን ያጎራብተዋል ብዬ ሳልጠይቅ ገብቼ ተቀመጥኩ። ደብረ ብርሃን ብርድ፣ ጣርማ በር ጉም፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት፤ በአንድ ቀን ሦስት ወቅት አለፍን። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ በመስኮት ገዛሁ። በልጅነቴ በዚሁ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ስወሰድ አባቴ ያችኑ ቆሎ ገዝቶልኝ፣ ወደ አክስቴ ስመለስ እሰጣታለሁ ብዬ በኪሴ ደብቄ፣ ወር ሙሉ ሳልበላው ቀርቼ ነበር።

ደሴ ስንደርስ ሻንጣዬ ያንጠባጥብ ነበር። ጀሪካኑ ከኮምቦልቻ ዳገት ጀምሮ በላዩ ሲፈስ ነው የመጣው። ሸሚዞቼ አላሳዘኑኝም፤ የግጥም ደብተሬ ግን ዘይት ጠጥቶ እንደ ሰምበር አብጦ ነበር።

ያደርኩበት ትንሽ አልጋ ቤት ባለቤት እትዬ ዘሃራ ይባላሉ፤ ነጠላቸውን አጥብቀው የተከናነቡ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ደብተሩን ይዤ በረንዳ ላይ ስቆዝም አገኙኝ።

«አብሽር ልጄ፤ የሞተ ሰው አለ እንዴ?» አሉ።

ደብተሩን ከእጄ ወሰዱት። ከምድጃው የቀዘቀዘ አመድ አምጥተው በየገጹ መሃል ነሰነሱና የወፍጮ መጅ ጫኑበት። እሪ በከንቱ ቢሆን እማማ አስካለ መጀመሪያ ሰድበውኝ ነበር ይህን የሚያደርጉት። ጠዋት አመዱን ሲያራግፉ ጽሑፉ አልጠፋም። ወረቀቱ ብቻ እንደ መስታወት ሆኖ፣ የፊቱ ግጥም ከጀርባው ግጥም ጋር ተደርቦ ይነበባል።

«ይኼ ስለ ማን ነው?» አሉ፣ ጣታቸውን አንዱ ላይ አድርገው። ማንበብ አይችሉም፤ የረዘመውን መርጠው ነው።

«ከላያችን ስለምታለቅስ ሴት ነው።»

«ምን ሆና ነው የምታለቅስ?»

«አላውቅም።»

«አልጠየቅካትም?»

ደብተሩን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ሱብሃነላህ» አሉ፣ የመጨረሻውን አመድ እፍ እያሉ። «ጽፈህላታል ግን።»

ሐሙስ

ከደሴ እስከ ወልድያ ያለውን መንገድ በሆዴ ነው የማስታውሰው። ሐይቅ ላይ ዓሣ በላን። መርሳ ላይ ማንጎ ገዛሁና ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። ከወልድያ በኋላ ግን መኪናው የድልብን ዳገት ሲይዝ ሰዉ ሁሉ ጋቢውን ተከናነበ፤ ብርዱ በመስኮት እየገባ ቆላውን ከላያችን ገፈፈው።

ጋሸና አካባቢ ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና አየሁ። የጦርነቱ ነው። አንዲት ሴት በጋቢናው ላይ የታጠበ የሕፃን ልብስ አስጥታበት ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ልብሱ እያዩ «ብረቱ ቶሎ ያደርቃል» አሉ እንጂ ስለ መኪናው ምንም አላሉም።

ላሊበላ ያደርኩት ለፈረንጅ በተሠራ ሆቴል ነው። ፈረንጅ የለም። ሙቅ ውሃም የለም። ባለቤቱ ከሁሉ የሚሻለውን፣ በመስኮቱ የአሸተን ማርያም ተራራ የሚታይበትን ክፍል ከፈተልኝ። ይህ ለእኔ ይበዛል ስለው «ግባ ወንድሜ፤ አልጋም ሰው ሲያጣ ይታመማል» አለኝ። ብርድ ልብሱ የናፍታሊን ሽታ ነበረው። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን በማግሥቱ ማለዳ ተሳለምኩ፤ ስለ እነሱ የሚጽፍ ሰው ሞልቷልና እኔ ልለፈው።

ዓርብ

ከላሊበላ ብልባላ በአይሱዙ፣ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ብልባላ ላይ አያ ካሳው ከአህያ ጋር ቆመው ጠበቁኝ። የአክስቴ ባል ናቸው፤ ረጅም፣ ነገራቸው አጭር፣ የመንደሩ ቅሬ ዳኛ።

«አህያው ለሻንጣህ ነው» አሉኝ ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ከማለቴ። «አንተ በእግርህ ነህ።»

ሁለቱን ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወሩኝ። «ይኼ ሻንጣ ዘይት ዘይት ይላል፤ አህያው ፈራው» አሉ።

መንደሯን ሳያት ጠብባ ነበር። በልጅነቴ እንደ ሜዳ የማስበው ግቢ አሥር እርምጃ አይሞላም። የሾላው ዛፍ የለም፤ በዚያ በጦርነቱ ክፉ ዓመት ለማገዶ ተቆርጧል። አክስቴ ግን ያችው ናት። ዓርብ ስለሆነ ሽሮ በተልባ አቀረበችልኝ፣ ከጎኔ ተቀምጣ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኗ ተከተለች።

ሳልጨርስ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከታች ካለው ቤት የወንድ ድምፅ ከፍ ብሎ ተሰማ። ከዚያ የዕቃ ድምፅ። አክስቴ ተነሳች፣ ከምድጃው ዳር የገል ስባሪ አነሳች።

«እሳት ልጭር ነው» አለች።

ከኪሴ ክብሪት አውጥቼ ዘረጋሁላት። አየችኝ። «ያዘው» አለች፤ «አንተ ዘንድ ይቆይ።»

ተከትያት ወረድኩ። በዚያ ቤት ደጃፍ ሦስት ሴቶች ቀድመዋታል፤ ሁሉም ገል ይዘዋል። በበሩ የቆመውን ሰው ወዲያው አወቅኩት። ሞላ ነው። ሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ በጣት ማፏጨት ያስተማረኝ እሱ ነው። ፊቱ ከስቷል፣ ዓይኑ አንድ ቦታ አያርፍም። ከኋላው፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ሚስቱ የሺ ቆማለች፤ ግራ እጇ ከክርኗ በታች ጠመም ብሎ የተጋጠመ ነው።

«ምንድን ነው፣ ዛሬ መንደሩ ሁሉ እሳት ጠፋበት እንዴ?» አለ ሞላ። «ክብሪት የለም?»

«ያንተ እሳት ነው የሚሞቀው፣ ሞላዬ» አለች አክስቴ። «ምን እናድርግ!»

ገቡና ተቀመጡ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወለደች የጎረቤት ላም አወሩ። ሞላ መጀመሪያ ቆመ፣ ከዚያ ተቀመጠ፣ ከዚያ ስለ ላሟ ጠየቀ። ሴቶቹ ፍም በገል ይዘው ሲወጡ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ወደ ላይ ስንወጣ አክስቴ ፍሙን መንገድ ላይ ደፋችው። እቤት እሳት አላት።

ያን ጊዜ ነው የጠራችኝበትን ነገር የነገረችኝ። ሞላ ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ እንዲህ ነው። እሳት መጫሩ የሴቶቹ ዘዴ ነው፤ የሚሠራው ግን ሴቶቹ በአቅራቢያ ሲኖሩ ነው። የየሺ እጅ የተሰበረ ቀን ሁሉም ገበያ ነበሩ። ወንዶቹ ግን ነበሩ። ድምፁን ሰሙ፣ ተቀመጡ።

«ቅሬው እሪ ሲባል ያልደረሰውን ይቀጣል» አለች። «ቤት ቢቃጠል፣ ሌባ ቢመጣ፣ ጅብ ቢገባ። የባልና ሚስት ጠብ ግን እሪታ ውስጥ አይገባም። እኔ የምፈልገው ሕጉ ውስጥ አንድ ቃል እንዲገባ ነው፦ ቤት ውስጥም።»

«አያ ካሳውስ ምን ይላሉ?»

«ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ በባልና ሚስት መሃል ቅሬ አይገባም አሉ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሌላም ነገር አለ። ከዚያ ክፉ ዓመት ወዲህ እዚህ አገር እሪ የምትል ሴት የለችም። ያኔ መሣሪያ የያዙት ሲገቡ እሪ አልን። ማንም አልወጣም፤ የወጣ ይሞት ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፃችን ጠፋ። የሺ እጇ ሲሰበር ድምፅ ያሰማው ዕቃው ነው እንጂ እሷ አይደለችም።»

ቅዳሜ

ማለዳ ተነስቼ ጥሪ ድንጋይ ሄድኩ። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ገደሉ ላይ ያንዣበበ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ልጆች ሳለን ከሞላ ጋር እዚያ ላይ ቆመን ስማችንን እንጮህ ነበር፤ ገደሉ ተቀብሎ ወደ ማዶ ያቀብላል፣ ማዶው ይመልሳል። አባቴ ሊወስደኝ በመጣበት ቀን ስሜን ጮሄ ነበር የሄድኩት። ስሜ እዚህ እንዲቀርልኝ።

ድንጋዩ ብቻ ነው ያልጠበበው። እዚያ ቆሜ የፈረሰው ሰፈሬ ትዝ አለኝ። የእማማ አስካለ የድስት ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳው፣ የጋራው ሳል። አሁን ያንን ስም ካርታም አይጠራውም። ይህ ገደል ስም ይይዛል ብዬ አሰብኩ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ የሰፈሬን ስም ጮህኩ።

«እሪ»ን ጎትቼ አወጣሁት፤ «በከንቱ» ላይ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝ። ገደሉም የተቀበለው «እሪ»ን ብቻ ነበር። እሪ፣ እሪ፣ እሪ እያለ ወደ ማዶ ወሰደው።

ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ከላይ የእግር ኮቴ ስሰማ ነው።

መጀመሪያ የደረሱት አያ ካሳው ናቸው፤ በባዶ እግራቸው፣ ዱላቸውን ከመሃል ይዘው። ከኋላቸው ሞላ በዶማ። ከዚያ ማጭድ የያዙ ሴቶች፣ አክስቴ፣ መቋሚያቸውን ያልጣሉ መሪጌታ፣ ማዶ ደግሞ ቁልቁለቱን የሚወርዱ የማላውቃቸው ሰዎች።

«ማን ነው? ማን ነካህ?» አሉ አያ ካሳው። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

«ማንም… ምንም አይደለም። የሰፈሬን ስም ነው የጠራሁት።»

«የምን ስም?»

«እሪ በከንቱ።»

ሁሉም ተያዩ። አንዲት ማጭድ የያዘች ሴት ቀድማ ሳቀች። «እንዲህ የሚባል አገር አለ? ሰውስ ይኖርበታል?»

«ፈርሷል» አልኩ።

«ታዲያ ሬሳውን እዚህ ገደል ልትጥልብን መጣህ?»

ሳቁ። ሞላም ሳቀ፤ ለአፍታ ያ ማፏጨት ያስተማረኝ ልጅ ሆነ። ያልሳቁት አያ ካሳው ብቻ ናቸው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ሁለት እጃቸውን በላዩ ጫኑበት። ከእግራቸው ደም ይወርድ ነበር፤ እሾህ ላይ ነው የሮጡት።

«በእሪ አይቀለድም» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ቅሬው ፊት ትቆማለህ።»

ከሰዓት በኋላ ከአክስቴ ጋር ምስር ስንለቅም ይቅርታ እንድትጠይቅልኝ ለመንኳት። ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ወረወረች።

«አልተቆጡህም» አለች። «ያኔ ወንዶቹ ሁሉ እዚያው ገደል ውስጥ ተደብቀው ነበር። እኔ እሪ ስል ሰምተዋል። ድምፁ የእኔ መሆኑን ያወቁት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።» ሌላ ጠጠር አወጣች። «እኔና እሳቸው ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም። ዛሬ ሲሮጡ ግን አየኋቸው።»

ምስሩን ለቀምኩ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ተቀመጠ። ወንዶቹ በድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ በሣር ላይ። እኔ ደብተሩን ይዤ ጸሐፊም ተከሳሽም ሆኜ መሃል ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ማዕረግ አግኝቼ አላውቅም።

የኔ ነገር ቶሎ አለቀ። ሐሰተኛ እሪታ ጮኸሃል ተባልኩ፣ አመንኩ። ለአጥሩ ሃያ ድንጋይ ከወንዙ እንዳመጣ ተፈረደብኝ። «ሰፈሩም ስለሞተበት ይቅለልለት» ብለው መሪጌታ ወደ አሥር አወረዱልኝ።

ያን ጊዜ አክስቴ ተነሳች።

«ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። ባሏን ዳኛ ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ትናንት ስንት ሰው ደረሰለት?»

«መንደሩ ሁሉ» አሉ አያ ካሳው።

«ለማን?»

«ለዚህ… ለምስጋናው።»

«ምን ሆኖ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ደብተሩ ላይ አቀረቀርኩ።

«ምንም ሳይሆን» አለች። «ሞላ፣ አንተም በዶማ ሮጠሃል። ለምን ሮጥህ?»

«ሰው እሪ ካለ…» አለ ሞላ።

«የሺስ ሰው አይደለችም?»

ሳቁ ቆመ። የሺ ከሴቶቹ ጠርዝ ተቀምጣ ነጠላዋን ግራ እጇ ላይ ጠቀለለችው። አያ ሲሳይ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ውዴ፣ ባልና ሚስት ዛሬ ተጣልተው ነገ ከአንድ ማዕድ ይበላሉ። መሃል የገባው ነው ተቀያሚ ሆኖ የሚቀረው።»

«እጇ የተሰበረ ቀን መሃል አልገባችሁም፤ አያ ሲሳይ» አለች አክስቴ። «ማዕዱን በአንድ እጇ ነው የምታቀርበው።»

አያ ሲሳይ ወደ ዳኛው ዞሩ። ሁሉም ዞረ። አያ ካሳው የታሰረ እግራቸውን እያሻሹ ተናገሩ።

«በዚያ ዓመት እዚያ ታች ነበርሁ» አሉ፤ በአገጫቸው ወደ ገደሉ። «ሰምቻለሁ። ማን እንደሆነችም አውቄያለሁ። አልመጣሁም። ትናንት ይህ ልጅ ሲጮህ እግሬ ሳላዘው ሄደ፤ ለስም መሆኑን ሳውቅ ተናደድሁ። ከዚያ አሰብሁት። ያኔ ያስቀረን ጠብመንጃ ነው። ለየሺ ያስቀረን ምንድን ነው?» ቀና አሉ። «በር ነው። የእንጨት በር።»

አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ግን አልተቀመጠችም።

እጅ አውጡ ተባለ። አንድ በአንድ ወጣ። አያ ሲሳይም አወጡ፣ እያጉረመረሙ። ሞላ ቀረ።

«እኔ ቤት ትገባላችሁ ማለት ነው?» አለ።

«እኔም ቤት ግባ» አሉ አያ ካሳው። «ሕጉ ለወንድም ይሠራል። ያ ያየኸው ነገር ሲመጣብህ፣ አንተም እሪ በል። እንመጣለን።»

«መልካም ነው» አለች አክስቴ። «ግን ክፉ ያየ ሁሉ ሚስቱን አይመታም። ይኼም ይጻፍ።»

ሞላ ወደ እኔ አየ። ምን እንደፈለገ አላውቅም፤ ምናልባት ጥሪ ድንጋይ ላይ አብሮት የቆመው ልጅ ከጎኑ ይቆም እንደሆነ ሊያይ ነው። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅኩት። እጁ ከትከሻው በላይ አልወጣም። መሪጌታ ግን ቆጠሩት።

ሕጉን እንድጽፈው ተነገረኝ። ማንበብ የማይችለውም በቃሉ እንዲይዘው በግጥም ይሁን አልኩና፣ እሪታን ከእሳት፣ በርን ከልብ ጋር አዛምጄ፣ ሰምና ወርቅ ያለው ስምንት ስንኝ ደረደርኩ። ሳነብላቸው ሁሉም በአክብሮት ዝም አሉ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ደገፍ ብለው ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ወርቁን ለራስህ ያዘው» አሉ። «ለእኛ ሰሙን ጻፍልን።»

አክስቴ ቃሉን ነገረችኝ፤ እኔ ጻፍኩ። «እሪ ያለ፣ ደጅም ይሁን ቤት፣ ይደረስለት። ክፉ ማየት ለመምታት ምክንያት አይሆንም። ሰምቶ የቀረ ከማንም እሳት አይጭርም።» ከጻፍኩት ሁሉ ሰው በጣቱ እየነካ የፈረመበት ጽሑፍ ይህ ብቻ ነው።

ሰኞ

አሥሩን ድንጋይ ማለዳ ጨረስኩ። አክስቴ በሶ በጨርቅ ቋጥራ፣ የማር ጠርሙስ በሻንጣዬ ውስጥ ልትጨምር ስትል እምቢ አልኳት፤ ደብተሬ ሌላ መከራ አይችልም። በእጄ ያዝኩት። አያ ካሳው እግራቸው ስላበጠ አህያውን ሰጡኝና ብልባላ ላይ ለማን እንደማስረክብ ነገሩኝ። ጉልበታቸውን ስስም አንገቴን ያዙኝ። «ያን ሰፈር እዚህ ስለጣልኸው አትዘን» አሉ። «እኛ እንጠብቀዋለን።»

ጥሪ ድንጋይ አጠገብ የሺ ጀሪካኗን አስቀምጣ ቆማ ነበር። በእነዚያ ቀናት ሁሉ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

«የሰፈርህን ስም የጮህኸው ከዚህ ላይ ነው?» አለችኝ።

«ከዚህ ነው።»

«እስከ የት ተሰማ አሉ?»

«እስከ ማዶ።»

ገደሉን አየችው። «ከቤትስ?»

ራሷ መለሰችው። «በሩ ክፍት ከሆነ ይሰማል። ትናንት ሞላ በሩን ራሱ ገርበብ አድርጎ ተወው። ብርድ ገባን።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«ዝም አልሁ። ብርዱ ይሻለኛል።» ጀሪካኗን በቀኝ እጇ አነሳች፤ ላግዝሽ ብላት እምቢ አለች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞረች። «አሁን አልጮህም» አለች። «መኖሩን ብቻ ልወቅ ብዬ ነው።»

የመልሱ ጉዞ ሦስት ቀን ነበር። እትዬ ዘሃራ ዘንድ ስደርስ ስለ ደብተሩ አልጠየቁኝም። «ጠየቅካት?» ነው ያሉኝ። «ገና ነኝ» ስላቸው ማሩን ቀምሰው «እንግዲያ ፍጠን» አሉ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አባቴ ቴሌቪዥን እያየ ሳለ፣ ከላይ ያ ድምፅ መጣ። አባቴ እጁን ወደ ሪሞቱ ዘረጋ። እኔ ተነሳሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እሳት አይጫርም። ከኩሽናው ባዶ ስኒ አነሳሁና ደረጃውን ወጣሁ። እግሬ ሳላዘው ሄደ ማለት አልችልም፤ እያንዳንዱን ደረጃ ለምኜዋለሁ።

አንኳኳሁ። ድምፁ ቆመ። በሩ በጣት ልክ ተከፈተና የሰው ዓይን ታየኝ።

«ምንድን ነው?»

«ጨው አልቆብኝ» አልኩ፣ ስኒዬን ከፍ አድርጌ። «ከታች ነኝ። እጠብቃለሁ።»

ሰውየው ስኒውን አየ፣ እኔን አየኝ። ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ቆምኩ። ከበታቼ፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣ ሌላ በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ደረጃውን የሚወጣ የነጠላ ጫማ ድምፅ።